ለክፉ ቀን ያስቀመጥነው ጄኔሬተር

ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙና ቀረብ በሉ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ጄኔሬተር አያያዝ ነው።

ጄኔሬተር በነዳጅ እየሠራ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሞተር ነው። መብራት ሲጠፋ ይደርስልናል። ግን ሁልጊዜ ይደርስልናል ወይ?

እስቲ አንድ ሌሊት እናስብ። ጊዜው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ምጥ ይዟታል። መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ዘበኛው ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ። ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ አልተነሣም። ደግሞ ሳበ፤ አሁንም እምቢ አለ። አዋላጇ በእጅ ባትሪ ብርሃን ብቻ ቀረች። በማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ የሕፃናት ክትባት አለ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት ካገኘው ይበላሻል።

«ማሽኑ እኮ አዲስ ነው! ሠርቶም አያውቅ!» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያበላሸው ሥራ መፍታቱ ነው። ዓመት ሙሉ ታስራ የከረመች በቅሎ በድንገት ቢጭኗት ትለግማለች። ሞተርም እንዲሁ ነው።

ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይሆናል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል ካርቡሬተር ይባላል። ሙጫው የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በናፍጣ በሚሠራው ደግሞ በነዳጁ ሥር ውሃ ይጠራቀማል። ባትሪ ካለው ባትሪው ይደክማል። አይጥም ገብታ ሽቦ ትቆርጣለች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማሽኑን ዝናብና አቧራ ከማይደርስበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርገን እናስቀምጠው።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ አውጥተን እናስነሣው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ባዶውን ሳይሆን አምፖል ወይም ማቀዝቀዣ አገናኝተን ነው።

ሦስተኛ፣ ከማስነሣታችን በፊት ዘይቱን እንይ። ዘይት ያነሰው ሞተር ይነክሳል። ብዙዎቹ ትናንሽ የቤንዚን ጄኔሬተሮች አዲስ ሳሉ ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይቀየርላቸዋል። የእናንተን ማሽን ልክ መመሪያው ላይ አንብቡ። የአየር ፊልትሮውንም አቧራውን አራግፉ። ካንዴላው ከጠቆረ ይጠረግ።

አራተኛ፣ ቤንዚን በጀሪካን ብዙ አታቆዩ። ከ3 ወር በላይ ሳይቆይ ተጠቀሙበትና በአዲስ ተኩት። ማሽኑ ለረጅም ጊዜ የማይሠራ ከሆነ የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ሞተሩ ይሥራና በራሱ ይጥፋ። በጀሪካኑ ላይ «ቤንዚን» ወይም «ናፍጣ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ። አንዱ በሌላው ቦታ ከተጨመረ ሞተሩ ይበላሻል።

አሁን ደግሞ ስለ ሰው ሕይወት እንነጋገር። ጄኔሬተርን በቤት ውስጥ ፈጽሞ አታስነሡ። በረንዳም ላይ አይሁን። ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል። ይህ መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ማሽኑ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ወደ ሕክምናም ይሂድ።

ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሲጋራና ኩራዝ አጠገቡ አይድረሱ። የጄኔሬተሩን ገመድ ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ሰክታችሁ ለቤቱ መስመር ኃይል አትስጡ። ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ይወጣና ምሰሶ ላይ የሚሠራውን ሰው ይገድላል። ማገናኘቱን ለባለሙያ ተዉት።

በመጨረሻም፣ ከማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይንጠልጠል። ያስነሣው ሰው ቀኑን፣ የሠራበትን ሰዓትና የጨመረውን ዘይት ይጻፍ። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ኅዳር 1 ቀን ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ሠራ። ዘይቱ ሙሉ ነው።» ይኸው ነው። ትናንት ፊደል የቆጠረ ዘበኛ ዛሬ ይህን ይጽፋል። ነገ የሚመጣው ተረኛ ደግሞ ያነበዋል። ያን ጊዜ «እኔ መስሎኝ፣ አንተ መስሎኝ» መባባል ይቀራል።

አበው «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። መብራት እስኪጠፋ አንጠብቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. በአካባቢያችሁ ያለው ጄኔሬተር ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው መቼ ነው?
2. በየወሩ የሚያስነሣውስ ማን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ለዛሬው በዚሁ እንሰናበታችሁ። ደኅና እደሩ።