ሽርጥ ያደረገችው መርማሪ

ጠጋ በሉ፤ ይሄ ከጓዳ የማይወጣ ወሬ ነው። የወንጀል ልቦለድ የምንጽፍ ሰዎች ሴት መርማሪ በፈጠርን ቁጥር አዲስ ነገር ያመጣን ይመስለናል። ሼርሎክ ሆልምስ ለአንባቢ ብቅ ያለው በ1887 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር)። ለንደን ላይ ግን ሚስ ግላደን እና ሚስስ ፓስካል የተባሉ የልቦለድ ሴት መርማሪዎች በ1864 ቀድመውታል።

ጉዱን ልንገራችሁ። የግላደን መጽሐፍ የተሸጠው እውነተኛ የመርማሪ ማስታወሻ መስሎ ነው። ጸሐፊው «አንድሪው ፎሬስተር» የብዕር ስም ነው፤ ከጀርባው ጄምስ ሬዲንግ ዌር የሚባል ሰው አለ። የለንደን ፖሊስ የራሱን ሴት ፖሊሶች ያሰማራው በ1919 ስለሆነ፣ ልቦለዱ መሥሪያ ቤቱን 55 ዓመት ቀድሞታል ማለት ነው።

ገበያው ደግሞ ባቡር ጣቢያ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ርካሽ መጻሕፍት እዚያ ይቸበቸቡ ነበር። የድሮውን ባቡር ሲጠብቅ የኖረ የአቃቂ በሰቃ ሰው ይሄ አይጠፋውም፤ ሰዓት የሚገፋ ሰው ቶሎ የሚይዝ ገጽ ይፈልጋል። ፓስካል ተጠርጣሪዋን ተከትላ ወለል ላይ በተከፈተ ጉድጓድ ስትወርድ፣ ቀሚሷን የሚነፋውን ክሪኖሊን አውልቃ ትጥለዋለች። ከዚህ በኋላ መጽሐፉን ማን ያስቀምጠዋል?

ዋናው የሙያ ምስጢር ግን ያለው ደራሲዋ ካትሪን ሉዊዛ ፒርኪስ ዘንድ ነው። በ1893 መጽሔት ላይ የወጣችው መርማሪዋ ሎቭዴይ ብሩክ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ መልኳም ልብሷም ዓይን የማይስብ ሴት ናት። ጥንካሬዋም ይኸው ነው። ፖሊስ ሲያንኳኳ ቤቱ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ተቀጣሪ መስላ የገባችን ሴት ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም።

ስለዚህ የአቃቂ ጀማሪ ጸሐፊዎች፣ የቆዳ ጃኬትና ሽጉጡን ተዉት። ፋብሪካ በር ላይ ቡና የምታፈላውን ሴት ያዙ። ፈረቃ ሲለወጥ ማን እንደቀረ ታውቃለች። መጋዘኑ በተዘረፈ ማግስት፣ ወራት ያስቆጠረውን ዱቤ በአንድ ጊዜ የዘጋው ሰው ስም ደብተሯ ላይ አለ። ያችን መስመር ከሌሎቹ ዱቤዎች መሀል ሸጉጣችሁ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ አሳዩ። አንባቢ አይቷት ካለፈ፣ እሱም ሴትየዋን እንደ ሌባው ንቋታል ማለት ነው፤ ልቦለዳችሁም ሠርቷል።