ከአልጋ ሥር የነቀዘው የፊጥራ ስንዴ

ረመዷን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲገባ እኛ የአቃቂ በሰቃ ሰዎች ከተራዊህ በኋላ የምናወራው ስለ ፊጥራ ነው። ማን ይሰበስባል? የቱ እህል ይሻላል? ለማን ይድረስ? ዛሬ የምናነሳው ግን ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዒድ ሲቃረብ ስንዴ ይዘን አንዲት እናት ቤት ገባን። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው ናቸው። አንደኛው ወጣት ፌስታሉን ከአልጋቸው ሥር ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ያለፈው ዓመት ፌስታል እንደታሰረ አገኘው። ነቅዟል። «እማማ፣ ለምን አልበሉትም?» አላቸው።

«ልጄ፣ ማን ይልቀምልኝ? ወፍጮ ቤትስ ማን ይውሰድልኝ? እንዳልሸጠው ደግሞ የፊጥራ እህል ነው፤ አፈርኩ» አሉት።

እኛ መዝገባችን ላይ በስማቸው ፊት «ደርሷል» ብለን ምልክት አድርገን ነበር።

ዘካተል ፊጥር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ሷዕ ነው። ሷዕ ማለት መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ አራት ጊዜ የሚያፍሰው ሲሆን፣ በኪሎ እንደ እህሉ ዓይነት ከ2 ተኩል እስከ 3 ቢባል ነው። ዓላማው ኢብን ዓባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ሁለት ነው፤ የጾመኛውን ጉድለት ማጥራትና ለድሃው ምግብ መሆን። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ከአልጋ ሥር ትተነው ኖሯል።

«በገንዘብ ብንሰጣቸውስ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ግምቱን በገንዘብ መስጠት ይፈቅዳሉ፤ የሌሎቹ ሦስት መዝሀቦች ሊቃውንት ባብዛኛው በእህል ይሁን ይላሉ። ክርክሩን እዚህ አንከፍተውም፤ የኛ ጀመዓ የለመደው በእህል ነው። የቀየርነው ጊዜውን ነው። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ፊጥራ ከዒድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሰጥ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። የሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ከረመዷን መግቢያ ጀምሮ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለአቅመ ደካሞች ቀድመን እናደርሳለን። እህሉ እጃቸው ከገባ በኋላ ንብረታቸው ነው። ሲፈቅዱልን ወጣቶቹ ይለቅማሉ፣ ያስፈጫሉ፤ የጎረቤት ሴቶች ዳቦና ቂጣ ይጋግራሉ። የወፍጮውና የማገዶው ወጪ ከፊጥራው አይነካም፤ ከሌላ ሰደቃ ይሸፈናል።

እነዚህ አረጋውያን እነማን ናቸው? አቃቂ የፋብሪካ ሰፈር ነው። ባቡሩ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ ሰውን ከየክፍለ ሀገሩ በወጣትነቱ አምጥቶታል። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ጡረታ አለው፤ ዕድሜውን በቀን ሥራ የጨረሰው የለውም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ጉልበቱን የጨረሰ ተቀጣሪ ብዙው ባዶ እጁን ቀርቷል። በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አሉ፤ በበዓል ማዕድ የሚጋሩም አሉ። የኑሮ ውድነቱን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቃዲ አቡ ዩሱፍ «ኪታቡል ኸራጅ» በተባለው መጽሐፋቸው ያሰፈሩት አንድ ታሪክ አለ። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር የሆነ አይሁዳዊ ሽማግሌ ሲለምን አገኙ። እጁን ይዘው ቤታቸው ወሰዱት፤ ካላቸው ሰጡት። ከዚያም ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላኩበት፤ በወጣትነቱ ተጠቅመንበት ሲያረጅ ብንጥለው ፍትሕ አይሆንም ማለታቸው ነበር። ግብሩንም አነሱለት። ሽማግሌው ሙስሊም እንዳልነበር ልብ ይሏል። ፊጥራ በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ለሙስሊም ድሃ የሚሰጥ ቢሆንም የሰደቃ በር ሰፊ ነው፤ በኛ ዝርዝር ውስጥም ግድግዳ የምንጋራቸው ክርስቲያን እናቶችና አባቶች አሉ።

ሌላም ጥፋት አለብን፤ እርሱ ከስንዴው ይብሳል። አንድ ዓመት አረጋውያኑን መስጂድ በር ላይ አሰልፈን ዘይትና ዱቄት ስናድል ፎቶ አነሳን። ውጭ አገር ሆነው ገንዘብ የላኩ ወንድሞች ማስረጃ ጠይቀውን ነበር። በሰልፉ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ጨርቃ ጨርቅ የሠሩ አንድ አባት ነበሩ። በዓመቱ ብንጠብቃቸው አልመጡም። ቤታቸው ሄድን። የልጅ ልጃቸው ፎቶውን በስልክ አይቶ ከሩቅ ደውሎላቸዋል። «አባባ፣ ለማኝ ሆኑ እንዴ?» ነበር ያላቸው። «ዘይቱ አልቋል፤ ፎቶው ግን ከሰው ስልክ አልወጣም» አሉን።

በሱረቱል በቀራ ሰደቃ በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት ከንቱ እንደሚሆን ለልጆች ስናስተምር ኖረናል። በዚያ ቤት ደጃፍ ላይ ግን የምንመልሰው ጠፋን። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አናነሳም። በዚህ የተነሳ መላክ ያቆመ ሰው አለ፤ የጎደለውን እዚሁ ተከፋፍለን ሸፈንነው።

አሁን ወጣቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሾርባና ቴምር ይዘው ይሄዳሉ፤ ሰጥተው አይመለሱም፣ አብረው ያፈጥራሉ። በዚህ አጋጣሚ ያየነው ነገር አለ። አንዳንድ አረጋውያን በሕመምና በዕድሜ ምክንያት አይጾሙም፤ እኛ ስንገባ ግን የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ትራስ ሥር ይደብቃሉ። መጾም ያቃተው አዛውንት በየቀኑ አንድ ድሃ ያበላል፤ እርሱ ራሱ ድሃ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሊቃውንት ምንም ዕዳ የለበትም ብለዋል። ይህን ለልጆቹ አስጠንተናቸዋል፤ ብልቃጥ ያየ ልጅ እንዳላየ አይለፍ፣ ቁጭ ብሎ ይንገራቸው።

ያ ፎቶው ያሳዘናቸው አባት ዘንድሮ በራቸውን ከፈቱልን። ቴምር ቀምሰው፣ መግሪብ ሰግደን፣ ሾርባው እንደቀረበ «ዒድ ካለፈ በኋላስ ትመጣላችሁ?» አሉን። ለሸዋል ወር ያዘጋጀነው ዝርዝር አልነበረም። ያን ማታ ከተራዊህ በኋላ መጻፍ ጀመርን፤ ሰኞን ሁለት ወንድማማቾች ወስደውታል፣ ጁሙዓን እኛ ይዘነዋል። ማክሰኞና ረቡዕ እስካሁን ባዶ ናቸው።