አሚኖ አሲድን በኤሌክትሮኬሚካዊ ሴንሰር መለካት፦ ተስፋውና ወሰኑ

በደቡብ ኦሞ ቆላማ አካባቢዎች ማሽላና በቆሎ ዋነኞቹ የእህል ምግቦች ናቸው። ወተት በሚያንስባቸው ወራት የሕፃናት አመጋገብ ይበልጥ በእህሉ ላይ ሊመሠረት ይችላል። በቆሎ ላይሲንና ትሪፕቶፋን፣ ማሽላ ደግሞ በተለይ ላይሲን ያንሰዋል። ሰውነታችን እነዚህን አሚኖ አሲዶች ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል። ለመሆኑ እጥረቱን እንደ ጂንካ ባለ ከተማ በሚገኝ ጤና ተቋም በቀላሉ መለካት ይቻል ይሆን?

የተለመደው የመለኪያ ዘዴ ክሮማቶግራፊ ሲሆን ውድ መሣሪያና ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል። ኤሌክትሮኬሚካዊ ሴንሰር የሚጠናው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። መሠረተ ሐሳቡ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በየዕለቱ የምንገለገልበት ግሉኮሜትር ክላርክና ላየንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ካቀረቡት የኢንዛይም ኤሌክትሮድ የመነጨ ነው። በስትሪፑ ላይ ያለው ኢንዛይም ከግሉኮስ ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ መሣሪያውም የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለክቶ መጠኑን ያሳያል።

ትሪፕቶፋን፣ ታይሮሲንና ሲስቴይን ተስማሚ ቮልቴጅ ሲያገኙ ያለ ኢንዛይም በቀጥታ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ላይሲንን ጨምሮ ብዙዎቹ ሌሎች ግን ኢንዛይም ወይም ሌላ አጋዥ ኬሚካል ያስፈልጋቸዋል። በተራ ኤሌክትሮድ ላይ የትሪፕቶፋንና የታይሮሲን ምልክቶች ይደራረባሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድም ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል። የናኖ ቁሶች ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሮዱ በካርቦን ናኖቱቦች፣ በግራፊን ወይም በወርቅ ናኖ ቅንጣቶች ሲለበጥ የገጹ ስፋት ይጨምራል፣ የኤሌክትሮን ዝውውሩ ይፋጠናል፣ ምልክቶቹም በተሻለ ሁኔታ ይለያሉ። ኢንዛይም የማይሻ ሴንሰር ለሞቃት አካባቢም ይመቻል፤ ብዙዎቹ የግሉኮስ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ የሚታዘዝ ሲሆን የቱርሚና የኦሞራቴ ሙቀት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ወሰኖች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ የደም ፕሮቲኖች በኤሌክትሮዱ ላይ እየተለጠፉ ስሜቱን ያዳክማሉ፤ በመሆኑም በቤተ ሙከራ መፍትሔ ውስጥ የተገኘ ጥሩ ውጤት በታማሚ ደም ላይ ላይደገም ይችላል። ሁለተኛ፣ ትሪፕቶፋን የሚቀንሰው በምግብ እጥረት ብቻ አይደለም። በሳንባ ነቀርሳና በሌሎች ኢንፌክሽኖች ጊዜ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ትሪፕቶፋንን የሚሰብር ኢንዛይም ያነቃቃል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ቁጥር ታይቶ «ምግብ ጎድሎታል» ብቻ ቢባል ሕክምና የሚሻ ኢንፌክሽን ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል።

በእህል ምርመራ ረገድ ግን ተስፋው የቀረበ ይመስላል። ፕሮቲኑ የተሻሻለ በቆሎ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች ትሪፕቶፋንን እንደ ጥራት መለኪያ ይጠቀሙበታል፤ በበቆሎ ውስጥ እርሱ ከፍ ሲል ላይሲንም አብሮ ከፍ ይላልና።

ለሕፃኑ ግን ውሳኔው ዛሬም በእጃችን ባለው መለኪያ ላይ ይቆማል። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ተጭነው ሲለቀቁ የሚሰረጉ እብጠቶች ካሉባቸው፣ ሕክምናው ማንኛውንም ሴንሰር ሳይጠብቅ መጀመር አለበት።