የጌተም አበባና የአንድ መንደር ቤተሰብ

ስለ ደን ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ግንዱ፣ ጣውላውና ማገዶው ነው። በጅማ ዞን በጌራ ወረዳ ደን ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ዛፍን አስቀድመው የሚያውቁት በአበባው ነው። ይህን የተረዳነው በመጋቢት ወር ሁለት የዕረፍት ቀናት አግኝተን፣ የአንድ የሥራ ባልደረባችንን ቤተሰብ ለመዘየር ከጅማ በአጋሮ በኩል ወደ አንዲት ትንሽ መንደር በዘለቅን ጊዜ ነበር።

ዓመቱ በአበባ ሲቆጠር

በመንደሩ አበባ ከአበባ ይቀባበላል። በጥር ግራዋ ያብባል፤ ማሩም ጠቆር ያለ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለው ቡና በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ መዓዛው መንገደኛን ያቆማል። ይህ አበባ የሚቆየው ሁለት ሦስት ቀን ሲሆን፣ ፍሬው ግን እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይጠበቃል። ከዚያ ተራው የጌተም ነው፤ በኦሮምኛ ጋተማ ይሉታል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ብሳና ይከተላል።

ከሁሉም የሚወደደው የጌተም ማር ነው። ሲረጋ እንደ ቅቤ ይነጣል። የሚቆረጠውም የቡናው ገንዘብ ባለቀበት፣ አዲሱ እህል ባልደረሰበት ወቅት ስለሆነ፣ የክረምቱን አስቤዛና የመስከረሙን የልጆች ደብተር የሚሸፍነው እርሱ ነው። ለዚህም ነው አባቶች በየዛፉ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉት፤ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍም ማንም በዋዛ አይነካውም።

ቅዱስ ቁርአን አንዱን ምዕራፍ፣ 16ኛውን ሱራ፣ በንብ ስም መሰየሙን አንባብያን ታውቃላችሁ። ንብ በተራሮች፣ በዛፎችና ሰዎች በሚሠሩት ላይ ቤቷን እንድትይዝ ከጌታዋ መመራቷ በዚያ ተወስቷል። የቤቱ አባወራ የሆኑት አዛውንት ይህን አንስተው፣ «ቤቷን ቆርጠን ማሯን ብንጠይቃት ምን ትለናለች?» አሉን።

የአባትና የልጅ ክርክር

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። የባልደረባችን ታላቅ ወንድም ሦስት ልጆች ያሳድጋል፤ የደረሰውም የቡና ማሳ ጠባብ ነው። የቡና ዋጋ ጥሩ በሆነበት ጊዜ፣ ከቤቱ ጀርባ ካሉት ያረጁ ዛፎች ከፊሉን ቆርጦ ቡና ቢተክል ይሻለኛል ይላል። «አባባ፣ ማሩ አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል፤ ቡናው ግን ቡና ነው» አላቸው በእኛው ፊት። በእርግጥም በእርሱ ቦታ ሆኖ ላሰበው ነገሩ ቀላል አይደለም።

አዛውንቱ ወደ ደኑ ይዘውን ሄዱና አንድ ያረጀ ዛፍ አሳዩን። በቅርንጫፉ መጋጠሚያ ላይ፣ ቅጠልና አፈር በተጠራቀመበት ሥፍራ፣ ትንሽ የጌተም ችግኝ በቅሏል። ጌተም አብዛኛውን ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው እንዲህ በሌላ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ኋላ ሥሩን ወደ ታች ሰዶ መሬት ይይዝና ራሱን ችሎ ይገዝፋል። እንግዲህ ያረጀው ዛፍ ሲቆረጥ የሚጠፋው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የነገው ጌተም መወለጃም አብሮ ይጠፋል። ቡና ሲታረስና ሲመነጠር ችግኞች አብረው ስለሚቆረጡ፣ ጥላ የሚሰጡት ትልልቅ ዛፎች ተተኪ ሳያገኙ የሚያረጁበት ቦታ ብዙ ነው።

ቡናና ማርም ባላንጣ አይደሉም። የአገራችን ቡና በራሱ አበባ ብናኝ ፍሬ መያዝ ቢችልም፣ ንቦች ሲጎበኙት የሚይዘው ፍሬ ይበልጣል። በበለጤ-ጌራ ደን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ድጋፍ የተዘረጋው አሳታፊ የደን አስተዳደርም በዚህ ላይ የቆመ ነበር፤ ነዋሪው ደኑን በማኅበር ተደራጅቶ ይጠብቃል፣ ከጫካ ቡናውም ይጠቀማል።

አባትና ልጅ በዚያ ምሽት አልተስማሙም። አዛውንቱ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ የወጣቱ ማሳ ወደ ቤቱ ጓሮ ይስፋ፣ ሦስቱ ትልልቅ ጌተሞችና ያ ችግኝ ያዘለው አሮጌ ዛፍ ግን ይቆዩ። ልጁ ዝም አለ።

በማግስቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ስንወጣ አዲስ ቀፎ ግንድ ሥር ተቀምጦ አገኘን። የአዛውንቱ ጉልበት ዛፍ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ልጁ ጫማውን አውልቆ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ጌተሙ ላይ ወጣና ቀፎውን ወደ ላይ ሳበ። አባት ከታች ሆነው፣ «ወደ ቀኝ፣ ልጄ፣ ወደ ቀኝ» ይሉ ነበር።

ውድ ወላጆች፤ ከልጆቻችን ጋር ስለ ውርስ ስንነጋገር፣ ከመሬቱ ስፋት ጋር በላዩ የቆመውንም ዛፍ እንቁጠርላቸው። አላህ ለሁለቱም ልብ ይስጣቸው።