ቡራኬ የተነፈገው ብረት፦ አራተኛው የላተራን ጉባኤ

ሰውየው በስርቆት ተጠርጥሯል፤ አየሁ የሚል ምስክር ግን የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱታል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ የጋለውን ብረት ይባርካል። ተጠርጣሪው ብረቱን በባዶ እጁ ይዞ ሦስት እርምጃ ያህል ይራመዳል፤ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታተማል። በሦስተኛው ቀን ይፈታል። ቁስሉ እየጠገገ ከሆነ ነጻ ነው፤ መግል ከቋጠረ እግዚአብሔር ፈረደበት ይባላል።

በምዕራብ አውሮፓ ለዘመናት እንዲህም ይፈረድ ነበር። ይህን ልማድ ያናጋው እ.ኤ.አ. በ1215 ሮም ላይ የተቀመጠው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ነው። ጉባኤውን የጠሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ ሲሆኑ፣ ጥሪው የተላለፈው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነበር። ከ400 በላይ ጳጳሳት፣ ከ800 በላይ የገዳማት አለቆችና የነገሥታት መልእክተኞች መጡ። በኖቬምበር ወር ሦስት ጊዜ ብቻ ተሰብስበው 71 ድንጋጌዎችን አጸደቁ።

ከእነዚህ 18ኛው፣ ካህን በእሳትና በውኃ ለሚደረግ ፍርድ ቡራኬ እንዳይሰጥ ከለከለ። ካህን ያልባረከው ብረት ደግሞ ተራ ብረት ነው፤ የእግዚአብሔርን ፍርድ ይገልጣል ብሎ የሚያምነው የለም። በ1219 የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ይህን ስለከለከለች ተከሳሾች እንዴት እንደሚያዙ ለዳኞቹ ጻፈ። ክፍተቱን ውሎ አድሮ የሞላው የአካባቢ ሰዎች ቃለ መሐላ ፈጽመው የሚፈርዱበት ችሎት ነው። በሌላው አውሮፓ ዳኞች ምስክርና የእምነት ቃል መፈለግ ጀመሩ፤ ያሳዝናል፣ የእምነት ቃሉን ለማግኘት ግርፋትና ስቃይም አብሮ ገባ።

ምእመኑን በየቤቱ የነካው ግን 21ኛው ድንጋጌ ነው። ነፍስ ያወቀ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን ይናዘዝ፤ በፋሲካም ይቁረብ ተባለ። የንስሐ ምስጢር ያወጣ ካህን ከክህነቱ ተሽሮ፣ ጥብቅ ሥርዓት ባለው ገዳም ዕድሜ ልኩን ንስሐ እንዲገባ ተወሰነ። ድሀው ገበሬ የልቡን ሳይፈራ እንዲናገር ከለላ የሆነው ይህ ቅጣት ነው፤ ከጉባኤው ሥራዎች ሁሉ እኔ የማደንቀውም ይህንኑ ነው።

ጋብቻም ተነካ። እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የነበረው የዝምድና ክልከላ ወደ አራት ወረደ። ሰባት ቤት መቁጠር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እነርሱ የቀነሱት ሕጉ ሊጠበቅ አልቻለም ብለው ነው፤ ለቁጥሩም የሰውን አካል አራት ባሕርያት ጠቅሰዋል።

68ኛው ድንጋጌ ግን ከባድ በደል ነው። በክርስቲያን አገር የሚኖሩ አይሁድና ሙስሊሞች በልብሳቸው እንዲለዩ አዘዘ። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1218፣ በእንግሊዝ የሚኖሩ አይሁድ ከጨርቅ ወይም ከብራና የተሠራ ነጭ ምልክት ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ ታዘዙ።