የአሮጌ መኪና መሪ በድንገት ሲለወጥ

ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያመላልስ አሮጌ መኪና መሪው በድንገት ባሕርዩን ከለወጠ፣ ሾፌሩ «እስከ ከተማ ያድርሰኝ» ብሎ መንዳት የለበትም። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ ችግሩን በ3 ከፍለን እንለያለን።

1. መሪው ከከበደ፦ አስቀድሞ የፊት ጎማዎች ንፋስ ይታይ። መሪው በዘይት ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ቺንጋው ይመርመር፤ ከተበጠሰ ወይም ከላላ ፓምፑ በደንብ አይሠራም። ቺንጋው ደኅና ከሆነ የመሪ ዘይቱ መጠንና የቱቦዎቹ መንጠባጠብ ይታይ። መሪው ሲጠመዘዝ የሚሰማ የማቃሰት ድምፅ ብዙ ጊዜ የዘይት ማነስ ምልክት ነው።

2. ወደ አንድ ጎን ከሳበ፦ የ2ቱ የፊት ጎማዎች ንፋስ ይመዛዘን። እኩል ከሆነ የአንዱ ጎማ ፍሬን ይዞ ሊሆን ይችላል። ከሌላው ይልቅ የጋለ ቸርኬ ይህን ያመለክታል፤ በእጅ ግን አይነካ።

3. መሪው ከላላ፦ ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ሲያወዛውዝ፣ ሌላው ከጎን ሆኖ የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያዎች ይመልከት። አንደኛው ዘንግ ተንቀሳቅሶ ተከታዩ ከዘገየ ጉድለቱ በመካከላቸው ነው። የተፈታ ዳዶ ወይም የተበላ መጋጠሚያ ከተገኘ መኪናው ከቦታው አይነሣ፤ በሽቦ ማሰር ጥገና አይደለም። መካኒክ ወደ መኪናው ይምጣ።

በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም።

የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የታየውን ምልክት መዝግበው ለመካኒኩ ቢያስረዱ፣ ጊዜና ገንዘብ ከመቆጠቡም በላይ በቁልቁለት ላይ የሚደርስ አደጋ ይቀንሳል።