የጡንቻ መመንመን የጽኑ ሕሙማንን ዕድሜ እንዴት ያሳጥራል?

ሐረር፦ በሳንባ ነቀርሳ፣ በካንሰር፣ በኩላሊት ወይም በልብ ድካም ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ሲከሳ በሽታው ያመጣው ነው ተብሎ ይታለፋል። የሕክምና ጥናቶች ግን የጡንቻ መመንመን ራሱን ችሎ የሕሙማንን ዕድሜ የሚያሳጥር ችግር መሆኑን ያመለክታሉ።

የሐረር ታሪክ ለዚህ አንድ የታወቀ አብነት አለው። በጀጎል ውስጥ ሙዚየም የተሰየመለት ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱ አብጦ መራመድ ተሳነው። ከጉልበቱ በላይና በታች ያለው ሥጋም እየሳሳ ሄደ። በኤፕሪል ወር 16 ተሸካሚዎች ቀጥሮ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወደብ ተጓዘ። ኤደን ደርሶ ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ አጽም ብቻ መቅረቱን ጽፏል። ማርሴይ ከተማ ውስጥ እግሩ ቢቆረጥም ካንሰሩ በመሰራጨቱ በኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ ሕይወቱ አልፏል።

ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ በቅድሚያ ስቡን ተጠቅሞ ጡንቻውን ለመቆጠብ ይሞክራል። በከባድ ሕመም ወቅት ይህ ሥርዓት ይዛባል። በሽታን ለመከላከል የሚመነጩ ንጥረ ነገሮች የምግብ ፍላጎትን ከመዝጋታቸውም በላይ ጡንቻ እንዲፈርስ ያደርጋሉ። አልጋ ላይ መዋል ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። አደጋው በክንድና በጭን አይወሰንም፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲደክሙ ሕመምተኛው አክታውን አስሎ ማውጣት ያቅተዋል፣ ለሳንባ ምችም ይጋለጣል። ጠንካራ መድኃኒትንና ቀዶ ሕክምናን የመቋቋም አቅሙም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ በ2011 የካንሰር ባለሙያዎች በደረሱበት ስምምነት መሠረት በ6 ወር ውስጥ ሳይታሰብ ከክብደት ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ የዚህ ችግር መለያ ነው። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ3 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ሚዛን ብቻውን ግን ያሳስታል። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕሙማን ሰውነት ውኃ ስለሚቋጥር ጡንቻቸው እያለቀ ክብደታቸው ላይቀንስ ይችላል። ስለሆነም የክንድ ዙሪያንና የእጅ ጭብጥ ጥንካሬን መለካት ያስፈልጋል። በ17 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ ጥናት የጭብጥ ጥንካሬ በ5 ኪሎ ሲቀንስ የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

የጠፋው ጡንቻ መመለሱ እንደ በሽታው ይለያያል። በካንሰር ምክንያት የመነመነ ሰውነት በምግብ ብቻ አይመለስም። በሳንባ ነቀርሳ ረገድ ግን ተስፋው ከፍ ያለ ነው። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት የምግብ ድጋፍ በተሰጣቸው ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ የሆነ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ክብደታቸው በ5 በመቶ የጨመረ ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው በ61 በመቶ ያነሰ እንደነበር አመልክቷል።

ለምግቡ ሩቅ መሄድ አያሻም። በሆስፒታሎች ለተጎዱ ሕሙማን የሚሰጠው የታሸገ አልሚ ምግብ ዋነኛ ግብዓት ኦቾሎኒ ነው፤ ከሐረር በቅርብ ርቀት ያለችው ባቢሌም በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት። ባቄላ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተትም ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ።

በአካባቢው ትኩረት የሚሻው ሌላው ጉዳይ ጫት ነው። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ሲቅም ውሎ ራቱን ሳይበላ የሚያድር ታካሚ መድኃኒቱን በሰዓቱ ቢወስድም ክብደቱ ቶሎ ላይመለስ ይችላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሕመምተኛው ስለ ጫት ሳይጠየቅ የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር ጎዶሎ ነው።